ሀያት የሳለቻት እናታችን

ከአንዱ ግቢ የዘይት ቀለምና የማቅጠኛው የአኳራጅ ሽታ ብቅ ሲል፣ ዛሬም እግሬ ቆም ይልና ቡታጅራ፣ ከገበያው ጀርባ ባሉት ጠባብ መንገዶች ውስጥ የቀለም ጣሳ ይዤ ታላቅ እህቴን ሀያትን ስከተል እገኛለሁ።

የክረምቱ ዝናብ የጭቃውን ግድግዳ ኖራ ያጥበው ስለነበር፣ መስከረም ላይ ጎረቤቶች መልሰው ሲቀቡ ሀያት የተረፋቸውን ቀለም እየለመነች፣ አንዱ አጥር ላይ ዶሮ፣ ሌላው ላይ የእንሰት ቅጠል፣ የሱቁ መዝጊያ ላይ ባጃጅ ትስል ነበር። እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ አዲስ ሥዕል ፍለጋ መንገዱን ሁሉ እየዞርኩ፣ ያገኘሁትን ለእናታችን እነግራት ነበር። «ይቺ ልጅ ከተማውን ልታለብሰው ነው» እያለች ትስቅ ነበር።

በጋው ላይ እናታችን ታማ፣ ጥቂት ሰንብታ ሞተች። ፎቶ እንኳ አልነበራትም። ሀያት ለወራት ብሩሽ ሳትነካ ቆይታ፣ በልግ ሲገባ ከበራችን ፊት ለፊት ባለው ረጅም የግቢያችን ግድግዳ ላይ በዘይት ቀለም ሳለቻት፤ ፊቷን ሳይሆን ጀርባዋን፣ ሻሿን አስራ፣ ዘንቢሏን አንጠልጥላ ወደ ገበያ ስትሄድ። ጎረቤቶች «አላህ ይርሀማት» እያሉ ያልፉ ነበር። አባታችን ግን አንገቱን ደፍቶ ነበር የሚያልፈው።

ክረምቱ እንዳለፈ አባታችን ሌላ ሚስት ሊያገባ ሆነና፣ አንድ ጠዋት ኖራ በጥብጦ ግድግዳው ስር ቆመ።

«አባ፣ እሷን እንኳ ተዋት» አለችው ሀያት።

«ሙሽራዋ በዚህ በኩል ነው የምትገባው። ምን ትበል?» አላት፣ ወደ እኛ ሳይዞር።

ቀሚሷን ሸፈነ፣ ዘንቢሏን ሸፈነ፤ ሻሿ ጋ ሲደርስ ብሩሹን ዝቅ አደረገ። ሀያት ጠጋ ብላ ብሩሹን ከእጁ ወሰደችና «አንተ ግባ» ብላው የቀረውን ራሷ ቀባችው። አላለቀሰችም። ከዚያ ወዲህ ቀለም ስትነካ አይቻት አላውቅም፤ ከጎረቤቷ ከተማ ከእንሴኖ ሽማግሌ ሲላክባት እንኳ ሰውየው ማን እንደሆነ ሳትጠይቅ እሺ አለች፤ ከዚያ ቤት መውጣት ብቻ ነበር የፈለገችው።

አሁን የቡታጅራ ወጣቶች በየግድግዳው በሚረጭ ቀለም ትልልቅ ፊቶች ይስላሉ፣ ሰውም ተሰልፎ ፎቶ ይነሳበታል። ባለፈው ሀያት ልትጠይቀኝ ስትመጣ እጇን ይዤ አዞርኳት።

«ቆንጆ ነው» አለችኝ፣ ብዙም ሳታይ። «መኪና ሳያመልጠኝ ልሂድ።»

ያኔ ያንን መንደር ሁሉ ብቻዋን የምትስለው አንዲት ልጅ ነበረች። ዛሬ የሚስሉት ብዙ ናቸው፣ ቀለሙም እንደ ልብ ነው፤ ሀያት እንሴኖ ገበያ ጨርቅ ትሸጣለች፤ ልጆቿ ግን እናታቸው አንድ ቀን እንኳ ብሩሽ ይዛ እንደነበር አልሰሙም።