የሪስፓ ድርሻ

ሲፕሮዝ አኬሎ ባሏን የቀበረችው፣ ሐይቁ ዳር ካሉት ቤቶች ሬሳ ያልወጣበት በጠፋበት ዘመን ነው። በሽታውን ማንም በስሙ አይጠራውም። አንዱ እርግማን ነው ይላል፣ ሌላው ሳንባ ነው ይላል፤ ከቀብር ሲመለሱ ግን ሰው ዓይን ለዓይን መተያየት ይፈራል።

ከሆማ ቤይ ከተማ የመጣ አንድ የበጎ አድራጎት ማኅበር የሰፈሩን ሴቶች የቤተክርስቲያኑ ዛፍ ሥር ሰብስቦ፣ የታመመ ሰው ገላ የሚያጥብ፣ ቁስል የሚጠርግ ፈቃደኛ ሲጠይቅ፣ ሲፕሮዝ እጇን አወጣች። ባሏን ብቻዋን ስታስታምም ደጇን የረገጠ ሰው አልነበረምና። ከጎኗ የተቀመጠችው ጎረቤቷ ሪስፓም አወጣች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጥንድ ሆኑ።

ሥራው የሚሄደው በጥንድ ነው። አንዷ ታነሣለች፣ አንዷ ታጥባለች። በየበሽተኛው ቤት ግድግዳ ላይ ካርድ ይሰቀላል፤ የገባች ሁሉ ትፈርምበታለች። ወር ሲያልቅ አስተባባሪው ኦጉቱ በሞተር ብስክሌት መጥቶ ካርዶቹን ይሰበስባል። ድርሻዋን የጨረሰች ሳሙና፣ ስኳርና የበቆሎ ዱቄት ታገኛለች። ሁለት ወር የተጓደለች የፈቃደኛ መለያ የሆነውን ቢጫ ካናቴራዋን መልሳ ትሰናበታለች። ዓመቱን ሙሉ አንድም ቤት ያልዘለለች ደግሞ ብስክሌት ትሸለማለች።

ሪስፓ ሞት የሸተተው ቤት ገብታ ሰው የምታስቅ ሴት ነበረች። ሽማግሌው ኦዴራ እግራቸው ከከዳቸው ቆይቷል፤ ግዙፍ ሰው ናቸውና ማገላበጡ ለሁለት ሴትም ከባድ ነው።

"አባባ፣ ዛሬ ደግሞ እንዴት አምሮብዎታል! ሚስት ልንፈልግልዎ ነው እንዴ?" ትላቸዋለች ጀርባቸውን ይዛ።

"አንቺ ከሆንሽ ነው እንጂ ሌላ አልፈልግም።"

"ወየው ጉዴ! እኔ እኮ ቀናተኛ ነኝ። ይቺ ሲፕሮዝ ገላዎን ስትነካ ዓይኗን ነው የማወጣው!"

ሽማግሌው እስኪያስላቸው ይስቃሉ። በሳቁ መሃል ቁስሉ ታጥቦ ያልቃል።

የሪስፓ ካናቴራ ትከሻዋ ላይ እየሰፋ ሲሄድ ሲፕሮዝ አይታለች። አንድ ቀን ከወንዙ ማዶ ያለውን ዳገት ሲወጡ ሪስፓ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለችና መነሣት አቃታት።

"ተመርምሬያለሁ" አለች መሬቱን እያየች።

"መቼ?"

"ባለፈው ዝናብ። እንዳታለቅሺብኝ፣ ገና ብዙ ቤት ይቀረናል።"

"ለኦጉቱ እንንገረው። ካርድ ይሰቅሉልሻል፣ እኔ እየመጣሁ..."

"ሲፕሮዝ!" ሪስፓ ክንዷን ጨብጣ ያዘቻት። "ያ ወረቀት ግድግዳዬ ላይ የተሰቀለ ቀን ሞቻለሁ በይ። የሟቹ ባሌ ወንድሞች መሬቴን ለመውሰድ ምክንያት ነው የጠፋቸው። ደግሞስ ሥራዬን ካጣሁ ልጆቼ ያንን ዱቄት ከየት ያመጣሉ? የታመመች ፈቃደኛ የሚል ነገር እነሱ ጋ የለም። ወይ ትሠሪያለሽ ወይ ትሰረዣለሽ።"

ሲፕሮዝ በማግስቱ ብቻዋን ወጣች፤ በየካርዱም በራሷ ስም ሥር የሪስፓን ስም ፈረመች።

መጀመሪያ ላይ ቀላል መስሏት ነበር። ወሩ ሲገፋ ግን የሁለት ሰው ሥራ ለአንድ ወገብ ምን እንደሆነ አወቀችው። አጥሚት ትታ መድኃኒት ብቻ የምትሰጥበት ቤት በዛ። ኦዴራን ብቻዋን ማገላበጥ አልቻለችም፤ የፊታቸውን በኩል አጥባ ትወጣለች፤ ሥሩን የነካው የለም። ጀርባቸው መሽተት ጀመረ።

"ያቺ ቀናተኛዬ የት ጠፋች?" ይሏታል።

"ገበያ ሄዳ ነው አባባ፣ ኦሜና ልትገዛ።"

"ምን ዓይነት ዓሣ ነው ወር ሙሉ የሚገዛ?"

ሲፕሮዝ ፊቷን አዙራ ካርዱ ላይ ሁለቱንም ስም ትፈርማለች። ማታ ዱቄቱን ለሪስፓ ልጆች ስታደርስ የሽማግሌውን ጀርባ አታነሣም፤ ሪስፓም አትጠይቃትም።

የሥራው ዓመት ሲያልቅ ለመላው ወረዳ አንድ ስም ወጣ፤ ሪስፓ። ሲፕሮዝ በራሷ ድርሻ በዝናቡ ወራት፣ ሪስፓ ገና በእግሯ ሳለች፣ ሁለት ቤት አጓድላለች፤ በሪስፓ ስም ግን አንድም አላጓደለችም።

ሽልማቱ ኦክቶበር ላይ በአዳራሽ ይሰጣል የተባለውን ኦጉቱ ሊያስደስት ብሎ ለወጠው። ከናይሮቢ የመጡትን እንግዶች መኪና ላይ ጭኖ፣ ብስክሌቱን በሪባን አስሮ፣ ቀጥታ ሪስፓ ደጅ ከች አለ። ሲፕሮዝ ግቢው ውስጥ ልብስ ስታሰጣ ነበር።

"መምህር፣ ትንሽ ቆዩ፣ ተኝታለች" አለችው። ድሮ አስተማሪ ስለነበር ሁሉም መምህር ነው የሚለው።

"በዚህ ሰዓት? እንቀሰቅሳታለን!" ብሎ እየሳቀ በሩን ገፋው።

ሪስፓ ምንጣፏ ላይ ነበረች፤ አጥንቷ በቆዳ ብቻ ተሸፍኖ። ቢጫው ካናቴራ እላይዋ ላይ ነው። እንግዶቹን አንድ በአንድ አየቻቸውና "ብስክሌት አምጥታችሁ ነው? ማን ሊነዳው?" አለች። የሳቀ አልነበረም።

ኦጉቱ ሲፕሮዝን ወደ ውጭ ጎተታት። "ማማ ሲፕሮዝ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ከማሽላው አጨዳ።"

"ታዲያ ይሄ ሁሉ ፊርማ የማን ነው?"

"የእኔ ነው።"

ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነው። "ለምን አልነገሩኝም? እኔ እኮ ሰው ነኝ!"

"አንተ ሰው ነህ ልጄ። ወረቀትህ ግን አይደለም።"

ብስክሌቱ ተመልሶ ተጫነ። በሳምንቱ የሁለቱም ስም ተሰረዘ፤ ሐሰተኛ ሪፖርት ተብሎ። በሪስፓ ግድግዳ ላይ ካርዱ ተሰቀለ፤ እንዲያያት የተመደበ ሰው ግን አልተገኘም። ሲፕሮዝ እንደ ጎረቤት እየገባች አስታመመቻት።

ሌሎቹን ቤቶች ግን ተከለከለች። ኦዴራ ደጅ ስትደርስ የልጃቸው ሚስት በሩ ላይ ቆመች።

"ካናቴራውን የቀሙሽ መድኃኒት ሰርቀሽ ነው ይላሉ።"

"ጀርባቸውን ብቻ ልጠብላቸውና ልሂድ፣ እባክሽ።"

"ካናቴራሽን ለብሰሽ ስትመጪ።" በሩ ተዘጋ። ከውስጥ የሽማግሌው ድምፅ "ማነው?" ሲል ሰማች። የመለሰላቸው የለም። ወር ሳይሞላ አረፉ፤ ገናዡ እንደተናገረው ቁስሉ አጥንት ደርሶ ነበር።

ሪስፓም ብዙ አልቆየችም። በቀብሯ ዕለት የማኅበሩ ሴቶች በሙሉ ቢጫ ለብሰው ተሰለፉ። ኦጉቱ ተነሥቶ "እስከ መጨረሻው ያገለገለች እህታችን" እያለ አወደሳት። ሲፕሮዝ ጥቁር ልብሷን ለብሳ ከኋላ ቆማ ነበር። ለቅሶ ላይ መናገር የፈለገ ሁሉ ይናገራል፤ ተራው ሲደርሳት ወደ ሬሳ ሣጥኑ ቀረበች።

"ሪስፓ እስከ መጨረሻው አላገለገለችም" አለች። "ታማ ነበር። እኔ ነኝ የዋሸሁት። በእኔ ውሸት ደግሞ ኦዴራ በቁስላቸው ተበሉ፤ እሱን እኔ እሸከመዋለሁ። ግን እናንተ ቢጫ የለበሳችሁ፣ ከእናንተ ውስጥ ተመርምራ የደበቀች የለችም? እስቲ አንዳችሁ ቀና ብላችሁ እዩኝ።"

ቀና ያለች አልነበረችም። አንዷ ወጣት ብቻ የሻሿን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ ተንሰቀሰቀች።

ከገና በኋላ ኦጉቱ ሲፕሮዝ ቤት መጣ። ስለታመሙ ፈቃደኞች ለአለቆቹ ጽፎ ነበር፤ "እናስብበታለን" የሚል መልስ ነው ያገኘው። የመጣው ግን ለሌላ ነው። ከወንዙ ማዶ ያሉትን ቤቶች የሚወስድ ጠፍቷል። አዲስ ካናቴራ አጣጥፎ ይዟል።

ሲፕሮዝ ብትወረውርበት ደስ ባላት። ግን የራሷ ልጆች አሉ፤ አሁን ደግሞ የሪስፓ ትንሿ ልጅ እሷ ጋ ነው የምታድረው። ካናቴራውን ተቀበለችው።

ጥንድ የሆነቻት ያቺ ቀብር ላይ ያለቀሰችው ወጣት ናት፤ ኤዝና ትባላለች። በመጀመሪያው ጠዋት ዳገቱን ሲወጡ ሲፕሮዝ "ከታመምሽ ከማንም በፊት ለእኔ ንገሪኝ" አለቻት።

ኤዝና ቆመች። "ከዚያስ? እርስዎ ምን ያደርጉልኛል?"

ሲፕሮዝ ባልዲውን ከእጇ ተቀበለቻትና ቀድማ ወደ መጀመሪያው ቤት በር ሄደች።