ቡናማ ባርኔጣ ያደረገው ተሳፋሪ

ስደተኛው ኦንድሬይ በፒትስበርግ ከተማ ትራም ላይ ትኬት ቆራጭ ከሆነ ወዲህ የሰው ዘር በሁለት ተከፍሎበታል፤ ተሳፋሪና ሰላይ። ከጭንቅላቱ ያመጣው ነገርም አይደለም። ኩባንያው እንደ ማንም ለብሰው፣ እንደ ማንም ከፍለው የሚሳፈሩ ጆሮ ጠቢዎች አሉት። አንድ ቀን ቢሮ ትጠራና «ኮፍያህን አስረክብ» ትባላለህ፤ ማን እንደከሰሰህ የሚነግርህ የለም። ባለፈው ክረምት አንድ ባልደረባው እንዲህ ተባሮ ቤተሰቡን በትኗል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና ኦንድሬይ ከዚያ ወዲህ አሮጊት ስታስነጥስ እንኳ ዞር ብሎ ያጣራል።

ቡናማ ባርኔጣ ያደረገው ሰውዬ በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ብቅ አለ። ሁልጊዜ በምሳ ሰዓት ይሳፈራል፤ ሁልጊዜ በቀኝ በኩል፣ መስኮቱ ሥር ይቀመጣል። ጋዜጣ አያነብ፣ አያንቀላፋ። ትራሙ ቤተ ክርስቲያኑ ማዕዘን ሲደርስ ብቻ አንገቱን ያሰግጋል።

እዚያ ማዕዘን ላይ ደግሞ የኦንድሬይ እህት ዙዛና ምሳውን ይዛ ትጠብቃለች። የመስመሩ ሠራተኞች ሚስቶችና እህቶች ሁሉ ልማዳቸው ነው፤ ትራሙ ገታ ሲል ምሳው ይገባል፣ የትናንቱ ባዶ ዕቃ ይወጣል። በደንቡ ክልክል ቢሆንም አለቆቹ አይተው እንዳላዩ ያልፉታል፤ ሰላይ ካልተናገረ። ዙዛና ባሏ ብረት ማቅለጫው ውስጥ ከሞተ ጀምሮ ከወንድሟ ጋር ነው የምትኖረው። ኦንድሬይ ከሥራ ቢባረር ሁለቱም መውደቂያ የላቸውም።

«ማላኪ፣ ያ ሰውዬ ምሳዬን ነው የሚያየው» አለው አየርላንዳዊውን ነጂ።

«ያንተን ጎመን በድንች? አፍንጫውን ይይዛል እንጂ ምን ብሎ ያየዋል!»

«ሳቅ አንተ። ስንባረር አብረን እንስቃለን።»

«ርቦት ይሆናላ።»

«የራበው ሰው ዳቦ ቤቱን ነው የሚያየው።»

በዚያው ማታ ዙዛናን ማዕዘኑ ላይ እንዳትቆም ከለከላት። ለምን ብትለው «አትምጪ ብያለሁ፣ አትምጪ!» አላት። ፊቷ ጭልም አለ። ለሆዴ አዝና ነው ብሎ ተጽናና፤ በማግስቱም ጦሙን ዋለ።

ሰውየው ባዶውን ማዕዘን ጥቂት ቀን ሲመለከት ከረመና አንድ ቀን ባርኔጣውን አውልቆ ወደ ኦንድሬይ ቀረበ።

«ወንድሜ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ፤ ያውም በስሎቫክኛ፣ ያውም ኦንድሬይ ባገሩ በተወለደበት ሸለቆ አነጋገር።

ኦንድሬይ ክው አለ። ያገሬን ልጅ ፈልገው ላኩብኝ! ጠርጥር፣ ገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር።

«ምሳ የምታመጣልዎት ሴት እህትዎ ናት አይደል? ደኅና ናት?»

«እህት የለኝም።»

«ምሳውን እኮ...»

«ምሳ በልቼ አላውቅም!»

«ኧረ? በሕይወትዎ?» አለ ሰውየው ግራ ገብቶት።

«በሕይወቴ! በል ውረድ፣ ፌርማታህ ደርሷል።»

ፌርማታው አልነበረም፤ ሰውየው ግን ወረደ። ዳግመኛም አልተመለሰ። ኦንድሬይ ያን ማታ እያፏጨ ገባ።

እሑድ ዙዛና ሾርባ እየቀዳችለት፣ «ያ ቡናማ ባርኔጣ ያለው ሰው ታሟል እንዴ?» አለችው።

ማንኪያው አፉ ጋ ሳይደርስ ቆመ። «የቱ?»

«በመስኮት ባርኔጣውን የሚያነሳልኝ። ማቱሽ ይባላል፤ አናጢ ነው። ቤተ ክርስቲያን ደጅ አነጋግሮኝ፣ መጀመሪያ ወንድምሽን ላስፈቅድ ብሎኝ ነበር። ራሱ ይንገርህ ብዬ ዝም አልኩ።»

ኦንድሬይ የሚገባበት ጠፋው። «እህት የለኝም አልኩት» አለ።

ዙዛና ጭልፋውን አስቀመጠች። «አልዋሸኸውም» አለች። «ከዛሬ ጀምሮ የለህም።»

በማግስቱ ትራሙ ማዕዘኑ ላይ ሲደርስ ዙዛና ባዶ እጇን ቆማ ነበር። ወንድሟን ዘወር ብላም አላየችው፤ መስኮቶቹን አንድ በአንድ ታያለች። ሲያልቁባት አንገቷን ደፋች። ኦንድሬይ በራሱ አፈረ።

የትራሙ ሰው ሁሉ ያየዋል። ከኋላ ወንበር አንድ የማያውቀው ሰው አፍጥጦበታል፤ ሰላይ ከሆነም ይሁን። በቀጣዩ ፌርማታ ኦንድሬይ በሩ ላይ ወጥቶ፣ እንደ ደንቡ፣ «ካርሰን ጎዳና!» ብሎ ጮኸ። ቀጠለና ባገሩ ቋንቋ፣ መንገደኛው ሁሉ ዞሮ እስኪያየው፣ «ማቱሽ! አናጢው ማቱሽ! እህት አለችኝ!» አለ።