ሳላርመው ያለፍሁት ቃል

በሚያዝያ ወር 1957 ዓ.ም.፣ አሥመራ ውስጥ፣ የእናትሽን ስሕተት አይቼ ሳላርም አለፍሁ። ስሕተቱ አንድ ቃል ነበር፤ በደሉ የእኔ ነው።

ትናንት፣ እናትሽ በእርግጥ ልብ ወለድ ጽፋ እንደ ነበር ልትጠይቂኝ ስትመጪ፣ ቀይ እርሳስ እየቀረጽሁ ነበር። የፍቅፋቂው ሽታ ወደ ትምህርት ቤት ክፍላችን መለሰኝ፤ ከፎርቶ ኮረብታ በኩል የሚገባው የረፋድ ብርሃን ዴስኩ ላይ ይተኛ፣ ከመንገዱ የጋሪ ቃጭል ይሰማ ነበር።

አዎን፣ ጽፋለች። ዐሥራ ስድስት ዓመታችን ነበር። ትምህርቱ ሁሉ በአማርኛ ሆኖ ነበር፤ እሷ ግን የምታስበው በትግርኛ ነው። አባቴ የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ስለ ነበሩ እኔን አማርኛው አላስቸገረኝም። ምዕራፍ በጨረሰች ቁጥር ደብተሯን ታመጣልኛለች። በትግርኛ «ገዛ» ስትል «ቤት» ብዬ አርማለሁ። «እመቤት ቀይ እርሳስ፣ ለእኔም ጥቂት ቃል ይተዉልኝ እንጂ» እያለች በአንቱታ ታሾፍብኝ ነበር።

ባለታሪኳ የዓዲ ኣበይቶ መንደር ልጅ ናት። ሊድሯት ሲሉ በእግሯ አሥመራ ትገባለች፤ ገዛ ባንዳ ሰፈር ተቀጥራ ልብስ ስታጥብ፣ ሳሙና ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ፊደል ትለቅማለች። ማንበብ ስትችል፣ ታናሽ እኅቷን ልታስተምር ወደ መንደሯ ትነሣለች። እኔም የጻፍሁት ነበረኝ፤ ስሕተት የሌለበት፣ ሕይወትም የሌለበት። በትምህርት ቤቱ በዓል የሚነበበው የአንድ ተማሪ ጽሑፍ ብቻ ነበር።

የእናትሽ ደብተር የሚዘጋው እንዲህ ነው፦ «ልጅቱም ከዳች።» «ሄደች» ማለቷ ነበር፤ በትግርኛ «ከደት» መሄድ ነው። በአማርኛ ግን በዚያ ዘመን ከዱ የሚባሉት ጫካ የገቡት ዐማፅያን ነበሩ። ይህን አውቅ ነበር። ደብተሩን ዘግቼ መለስሁላት።

ከመሀል አገር የመጡት የአማርኛ መምህራችን የመጨረሻውን ገጽ ገልጠው ፊቷ ቆሙ።

«ወዴት ነው የከዳችው?»

መጨረሻውን የወደዱላት መስሏት ፈገግ አለች። «ናብ ዓዳ… ወደ አገሯ፣ መምህር።»

ዓዲ በትግርኛ መንደርም ነው፣ አገርም ነው። መንደሯን ማለቷ ነበር፤ የተሰማው ግን ለአገሯ ብላ ጫካ እንደ ገባች ነው። መምህሩ ወደ እኔ ዞሩ፤ ድምፃቸው የሚለምን ይመስል ነበር።

«አንቺ አይተሽዋል። ሌላ ነገር ለማለት ፈልጋ ይሆን?»

«የራሷ ቃል ነው፣ መምህር» አልሁ።

ውሸት እንኳ አላስፈለገኝም።

ደብተሩ ዳይሬክተሩ ዘንድ ሄዶ አልተመለሰም። እናትሽ በሳምንቱ ተባረረች፤ ጨርቅ ፋብሪካ ገባች። በበዓሉ የእኔ ድርሰት ተነበበ። ከዚያ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ዶክትሬት፤ ዛሬ የሌሎችን ቃል እየመረመርሁ እኖራለሁ። «ልጅ ስለ ነበርሽ ፈርተሽ ነው» ትዪኝ ይሆናል። አልፈራሁም። ቀንቼ ነው።

የተባረረች ዕለት ፌርማታው ጋ ጠበቀችኝ። አንገቴን አቅፋ፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው። ስሕተት ስለማበዛ ደክሞሽ ነው ያመለጠሽ» አለችኝ። ይህን ስትል ዐይኔን አላየችም። አውቶቡሱ እስኪመጣ ድረስ ክንዷን ከትከሻዬ አላነሣችም።

አሥመራ ስትመለሺ አንድ ጥያቄ አቅርቢላት። ይቅርታ አልለምንም። ቃሉን አይቼ እንዳለፍሁት ያን ዕለት ዐውቃ ነበርን? አዎን ከሆነ «እወ»፣ አይደለም ከሆነ «ኣይኮነን» ትበል። መልሱን እንደ ተናገረችው ጻፊልኝ፤ አታለሳልሺው።