ከ09 ሌላ የማይቀበለው ሳጥን

ሽማግሌው የተተኮሰ ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ከሁሩታ አሰላ የመጡት የዓይናቸውን ሞራ ለማስገፈፍ ነው። ሐኪሞቹ የሚመጡት በዓመት አንዴ ሲሆን ምዝገባው ዛሬ ይዘጋል። መዝጋቢዋ ትርፌ ስማቸውን ጽፋ ስልካቸውን ጠየቀች። የሳቸው በ07 ይጀምራል። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው የስልክ ሳጥን ደግሞ 09ን ራሱ ጽፎ የሚጠብቅ፣ ከዚያ ሌላ ቢገድሉት የማይቀበል ግትር ነው።

«በ09 የሚጀምር ያምጡ አባባ። የማንም ይሁን።»

ቁጥሩ በ09 የሚጀምረው የራሷ ስልክ ኪቦርዱ አጠገብ ተጋድሟል።

ሽማግሌው ዞረው ሰልፉን አዩ፤ ማንም ቀና አላለም። ከዚያ አንድ ቁጥር እንደ ዳዊት ሳይደናቀፉ ደገሙላት። ሳጥኑ በየመሀሉ ሰረዙን ራሱ እያስገባ ዋጠው።

«የማን ነው?»

«የልጄ። ሁለተኛ እንዳትደውልልኝ ብላኛለች። ይቺን አዲሷን ስልኬን አታውቃትም።»

«የማረጋገጫ ኮድ ሄዶላታል። ደውለው ይጠይቋትና ይንገሩኝ።»

ሽማግሌው የስልካቸውን ቁልፎች በጣታቸው እየዳበሱ ደወሉ። ወዲያው ተነሳ።

«ሄሎ? ማን ልበል?» የሚለው የሴት ድምፅ የመመዝገቢያውን መስኮት መስታወት አልፎ ትርፌ ዘንድ ደረሰ።

እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው አዳመጡ። ልጅቷ ሦስት ጊዜ «ሄሎ» ብላ ዘጋች።

«አይነሳም» አሉ፣ የኮታቸውን ቁልፍ እየነካኩ።

«እንግዲያው ለከርሞ ይምጡ» አለች ትርፌ፤ ቁጥሩንም አጠፋችው።

ሳጥኑ 09ን እንደገና ጽፎ የሚቀጥለውን ሰው ጠበቀ።