ልጆቿን በአፏ የያዘችው ቆሮሶ

ዲላ ገበያ የዓሣ ሽታ ሲመጣብኝ የሰባት ዓመት ልጅ እሆናለሁ።

አባቴ በሞተ በወሩ እናቴ፣ ብቻዬን ማሳደግ አልችልም ብላ፣ ገደብ ከተማ ለምትኖረው አክስቴ ልትሰጠኝ ተነሳች። በመሄጃችን ጠዋት ጎረቤታችን ከአባያ ሐይቅ በባልዲ ውሃ ያመጣትን ቆሮሶ ዓሣ ለእናቴ ሰጣት። ልታሰናዳት ስታነሳት ከአፏ ጥቃቅን ጫጩቶች ውሃው ላይ ተበተኑ።

"ልጆቿ ናቸው እትዬ" አለ ጎረቤታችን። "እስኪጠነክሩ በአፏ ትይዛቸዋለች፤ እስከዚያ እህል አትቀምስም።"

እናቴ ዓሣዋን ቀስ ብላ ውሃው ውስጥ መለሰቻት። ጫጩቶቹ ተሽቀዳድመው አፏ ውስጥ ሲገቡ ብዙ ቆማ አየች።

"እየራባት እንኳ አልተፋቻቸውም" አለች። ለማን እንዳለችው አልገባኝም።

መናኸሪያ ሳንሄድ ቀረን። ዛሬ እናቴ ከእኔ ጋር ትኖራለች። ስለዚያ ጠዋት አንስተን አናውቅም።