ብር የተነከረበት ቆርቆሮ

የዚያ ውኃ ሽታ እስካሁን ከአፍንጫዬ አልወጣም። ዛሬም ደባርቅ ገበያ ዕቃ ስገዛ፣ ከዋጋው በፊት አፍንጫዬን ነው የምከትበት። ሻጮቹ ይስቁብኛል። ይሳቁ።

ነገሩ በደርግ ጊዜ ነው። ባለቤቴ ዘመቻ ተወስዶ፣ ከዳባት በላይ ባለችው መንደራችን ከእናቱና ከሁለት ዓመት ሴት ልጄ ጋር ቀርቻለሁ። ከእሷ በፊት ሁለት ልጅ ቀብሬያለሁ። ስለዚህ ከፋሲካ ወዲህ ሆዷ መለስ ቀለስ እያለ ሲያሰቃያት እህል አልወርድልሽ አለኝ።

አማቴ የብር ውኃ ያውቁ ነበር። ጠገራ ብር ይነከራል፤ አንድ ቀን ያደረው ለቀላል ሕመም፣ ሰባት ቀን የከረመው ለጠናበት ነው። አንድ ቀን በብርጭቆ ያደረውን አጠጣናት፤ ለውጥ የለም። እኔው ነኝ ይበርታ ያልሁ። አማቴም፣ እንግዲያው ሦስት ብር ይግባበት፣ ሸክላ የብሩን ኃይል ይጠጣዋልና በቆርቆሮ ይሁን አሉ።

አንዱ ብር የእሳቸው ነው። ሁለቱን ከጎረቤት ሴቶች አንገት አስፈትቼ አመጣሁ። ስንት ዓመት ላብና ቅቤ በጠጣ ክር ታስረው ነበር፤ ክሩን ስቆርጠው ጥቁር እድፉ ጥፍሬ ውስጥ ገባ። ያንን ነበር ለልጄ የምነክረው።

ቆርቆሮውን ያገኘሁት በዕጣ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ገብሱ ላይ ተምች ሲወርድበት ለገበሬ ማኅበሩ የተምች መርዝ መጥቶ ተረጨ፤ ባዶ ቆርቆሮዎቹ ሲቀሩ ሴቶቹ ቢሻሙባቸው ዕጣ ተጣለ። እንዲያ ያለ ክዳን ያለው ዕቃ ከየት ይገኛል? ላዩ ላይ የራስ ቅል ተሥሎበት ነበር፤ ቢያስጠላኝ በአሸዋ ፍቄ አጠፋሁት። የፈረንጅ ጽሑፍም ነበረው። የመሠረተ ትምህርት ፊደሌ እዚያ አይደርስም። ውስጡን በአመድ አጠብሁ።

በሰባተኛው ቀን ከፈትነው። ውኃው እንደ አጓት ነጥቷል፣ ላዩ ላይ ቅባት ተንሳፍፏል፣ የበሰበሰ ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። ወደ ኋላ አልሁ። አማቴ ግን ደስ አላቸው። "ብሩ ሲበረታ እንዲህ ነው፤ አፍንጫዋን ያዢና ስጫት" አሉኝ።

ያዝሁና ሰጠኋት። በእጄ።

ጥቂት ቆይቶ ለሃጯ ይዝረበረብ ጀመር። ላብ አጠመቃት፤ የዓይኗ ብሌን የመርፌ ቀዳዳ አከለ። አዝያት ወደ ዳባት ስሮጥ አማቴ፣ መንገድ ላይ ድገሚላት ብለው ቆርቆሮውን አስያዙኝ። እኔም ልደግምላት ቁልቁለቱ ላይ አወረድኋት። ቆርቆሮውን ወደ አፏ ሳስጠጋ ደረቴ ላይ አስታወከች። ያው የሽንኩርት ሽታ ከሆዷ ወጣ። መድገሙን ትቼ፣ ከድኜው መልሼ አዝያት ሮጥሁ።

የዳባት ጤና ጣቢያ ድሬሰር፣ እኛ ዶክተር የምንለው፣ ቆርቆሮውን አሽትቶ ፊቱን አዞረ።

"ምን ነበረበት?"

"የተምች መርዝ። አጥቤዋለሁ እኮ፣ ዶክተር።"

"በምን?"

"በአመድ።"

"ስንት ቀን አስቀመጥሽው?"

"ሰባት። ብሩ እንዲበረታ።"

"እናቴ፣ ሰባት ቀን የነከርሽው ከቆርቆሮው ስፌት ያልወጣውን መርዝ ነው" አለኝ። መርፌ ወጋት፤ የእሷንም የእኔንም ልብስ አስወልቆ በሳሙና አሳጠበን። ከዚያ በኋላ እዚያው መሬት ላይ ተቀምጬ ትንፋሿን ስጠብቅ ሁለት ቀን አለፈ። በሦስተኛው ቀን ቂጣ ስጪኝ አለች።

መንደር ስመለስ በቀጥታ ቆርቆሮውን ድንጋይ ላይ አስተኝቼ በመጥረቢያ ቀዳደድሁት። ብራቸውን ሊወስዱ የመጡት ሁለቱ ሴቶች ቆመው ያያሉ። ድሬሰሩ ያለውን ነገርኋቸው። አንደኛዋ፣ እኛ በየቆርቆሯችን ዓመት ሙሉ ተጠቅመን ምን ሆንን፣ እጅሽ ባይጠራ ነው እንጂ አለችኝ። ሁለተኛዋ ግን የተቀደደውን በእግሯ እየገለባበጠች ከልቧ አዘነች።

"ምነው ለእኔ በሰጠሽኝ፣ እቴ። የዕጣዬ ቆርቆሮ በቅቤ ሞልቶብኝ የቀረውን የማኖርበት አጥቻለሁ።"

ከዚያ በፊት በነበረው እሑድ እሷ ቤት ገንፎ በልቼ ነበር። ልጄንም በጣቴ ከቅቤው አልሻት ነበር። ሽታው ተመልሶ አፍንጫዬ ገባ። እዚያው ቆርቆሮው ላይ አስታወክሁ።