በአውጫጭ የተያዘው የሩጫ አስተማሪ

በ1963 ዓ.ም. በጋ፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ ልጄ አምስት ተማሪዎቹን አስከትሎ እስቴ መጣ። ልጄ የኮሌጅ የረጅም ርቀት ሩጫ አሠልጣኝ ነበር።

ይህን ሥራውን ለሰው ተናግሬው አላውቅም። በሰባት ዓመቱ ለቤተ ልሔም ጉባኤ ቤት ሰጥቼው ነበር፤ ድጓ ተምሮ መሪጌታ ይሆንልኛል ብዬ። እሱ ግን ጢሙ ሳያቀመቅም ደብረ ታቦር ሄዶ አስኳላ ገባ። እዚያ ሮጠ። ሲሮጥ ያዩት ሰዎች ከደብረ ታቦር ወዲያ ወረድ ብሎ ያለ ኮሌጅ አስገቡት። ጉልበቱ ሲጎዳ ደግሞ ኮሌጁ ሌሎችን አስሩጥ ብሎ ቀጠረው። ሰው ልጅሽ ምን ይሠራል ሲለኝ፣ «አስተማሪ ነው» ብዬ አልፍ ነበር። ውሸት አይደለም። ግን አፍሬበት ነው እንጂ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

እውነቱን የነገርሁት ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ለክርስትና አባቱ። ጎረቤቴ ናቸው፤ መሬትም ከብትም የሞላቸው፣ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ የማይታጡ። «ሥራው ሰው ማስሮጥ ነው» ስላቸው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

«ሰው ማስሮጥማ የጅብም ሥራ ነው» አሉኝ።

እኔም አብሬ ሳቅሁ። በዚያ ሳቄ እስከ ዛሬ እናደዳለሁ።

በዚያ ወር የልጄ እንጀራ በአንድ ቅዳሜ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ኮሌጁ አንድ ፈረንጅ አሠልጣኝ አስመጥቷል። ዲሬክተሩ ልጄን ጠርቶ፣ «በጥር መጨረሻ ቅዳሜ ከሌላ ኮሌጅ ጋር ውድድር አለ፤ ልጆቹን አዘጋጅተህ፣ ራስህ ይዘሃቸው ከቀረብህ ቦታው ያንተ ነው፤ ያለዚያ ለፈረንጁ እሰጠዋለሁ» ብሎታል። ልጆቹን ወደ ደጋው ያመጣቸው ለዚህ ነው።

«እማዬ፣ እዚህ ትንፋሽ ያጥራል። እዚህ የለመደ ሰው ወደ ታች ሲወርድ ይበርራል» አለኝ።

አምስቱም የሰው ልጆች ናቸው፤ ጨዋዎች። እኔ ከበሶ በቀር ምን ነበረኝ? ያንኑ በልተው፣ ረቡዕና ዓርብ ጾማቸውን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠብቀው፣ ጎሕ ሲቀድ ወደ ወንዙ ቁልቁል ይወርዱና አቀበቱን ይወጣሉ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ቤቴ እንዲያ ሞልቶ አያውቅም። ተመስገን እል ነበር።

በመጡ በሁለተኛው ቀን ልጄ፣ «እማዬ፣ ለጎረቤት ንገሪልን። በየደጁ ስናልፍ እንዳይደነግጡ» አለኝ።

«እሺ» አልሁት። አልነገርሁም።

በእኛ አገር ሰው የሚሮጠው እሳት ሲነሣ፣ መርዶ ሲያደርስ፣ ወይም ሰርቆ ሲያመልጥ ነው። ይህን ልጄ ረስቶት ይሆናል፤ እኔ ግን አውቀው ነበር።

ውድድሩ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ረቡዕ ጠዋት፣ የክርስትና አባቱ በቅሎ ከበረት ጠፋች። አርብ ገበያ ከምትባለው ከተማ ከገዟት ገና ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። እሪ ተባለ። የመንደሩ ጭቃ ሹም አውጫጭ ጠሩ። በአውጫጭ ወንዱ ሁሉ መስክ ላይ ይቀመጣል፤ ሌባው እስኪታወቅ ማንም ወደ ቤቱ አይገባም። ካልታወቀ ዕዳው የመንደሩ ነው። በምስጢር ለሽማግሎች የሚጠቁመውን ሰው «ወፍ» ይሉታል። ወፍ ማን እንደ ሆነ አይጠየቅም።

ወፏም ተናገረች። «ሳይነጋ ስድስት ሰዎች ወደ ወንዙ ሲሮጡ ታይተዋል» አለች። አልዋሸችም።

ሴት አውጫጭ ላይ አትቀመጥም። እኔ ከመስኩ ጫፍ፣ ከአጥሩ ሥር ቆሜ ሰማሁ።

ጭቃ ሹሙ ልጄን አስነሡት። «ምን ያስሮጣችሁ ነበር?»

«ልምምድ ነው፣ ጌታዬ።»

«የምን ልምምድ?»

«የሩጫ።»

«ለመሮጥ ነው የምትሮጡት?»

«አዎን።»

«ማን አባርሯችሁ?»

«ማንም አላባረረንም።»

«ማንም ሳያባርረው የሚሮጥ ሰው ዛሬ ገና አየሁ!»

መስኩ በሳቅ ተሞላ። አንዱ ከኋላ፣ «በቅሎዋስ? እሷም ልምምድ ላይ ትሆን?» አለ። ሌላው ተቀበለው። «እኛ እኮ እስከ ዛሬ እግር እንዳለን ያስተማረን አጥተን ነው!»

በሳቃቸው ውስጥ ያለውን አየሁት። ሌባው ከውጭ ከመጣ ዕዳው ከመንደሩ ይወርዳል። ስለዚህ አምስቱ እንግዶች ሌባ ቢሆኑላቸው ይወዳሉ። ይህን የሚያስቡት ደግሞ ልጄን በእቅፋቸው ያሳደጉ ሰዎች ናቸው። የክርስትና አባቱ ከፊት ተቀምጠው ጭራቸውን ይወዘውዛሉ። ያውቃሉ። እኔው ነግሬያቸዋለሁ።

በሕይወቴ ሰው መካከል ጮኼ አላውቅም። ያን ቀን ግን ጮህሁ።

«አንቱ! ሥራው ይህ እንደ ሆነ ነግሬዎት የለም? ለምን ዝም ይላሉ?»

ወንዱ ሁሉ ዞሮ አየኝ። እሳቸው ጭራቸውን እያዩ፣ «ሰው ያስሮጣል ብለሽኛል፤ በቅሎ አይነዳም አላልሽኝም» አሉ።

«እንግዲያው ዋስ ይሁኑት። ከእግዜር ፊት ዋስ ሆነውት የለም ወይ?»

«በቅሎዬ ስትገኝ ዋስ እሆናለሁ» አሉ።

ሳቁ። አሁንም ሳቁ። እጄን ወደ ድንጋይ ሰድጄ ነበር፤ እመቤቴ መለሰችኝ።

አውቶቡሱ ከመካነ ኢየሱስ ከተማ የሚነሣው ሐሙስ ጠዋት ነው። እሱ ካለፈ እስከ ሰኞ ሌላ የለም። ልጄ ይህን ለጭቃ ሹሙ ነገራቸው። ሽማግሎቹ ተነጋግረው፣ ስድስቱም ከሚያዙ አንዱ ለሁሉ ይያዝ አሉ። ልጄ አላመነታም።

«እኔ እቀራለሁ» አለ።

«ዲሬክተሩ ራስህ ይዘሃቸው ና ብሎሃል» አልሁት።

«እኔ አልሮጥ፣ እማዬ። የሚሮጡት እነሱ ናቸው።»

ተማሪዎቹን ዙሪያውን አስቀምጦ መከራቸው። አንደኛውን፣ «አንተ አቀበት ላይ ጉልበት ትሰስታለህ፤ አትሰስት» አለው። ረጅሙን፣ «መጀመሪያ ላይ ከሚበርረው ጋር አትብረር። ሕዝቡ ሲጮህልህ እግርህን አትስጠው» አለው። ትንሹ እያለቀሰ ነበር። «ለእንባ የሚሆን ውኃ የለህም፤ ለቅዳሜ አስቀምጠው» ሲለው ሳቀ። ለሁሉም፣ «ስለ እኔ ከጠየቋችሁ እውነቱን ተናገሩ» አላቸው። ያ ቃሉ እንደሚጎዳው አውቄያለሁ። እውነትን የመደበቅ ስንፍናዬን ግን እሱ ላይ ልድገመው? አልከለከልሁትም።

ሐሙስ ልጆቹ ሄዱ። ልጄ ከመንደሩ ወንዶች ጋር መስክ ላይ ቀረ። ሁለት ጠባቂ ቆመበት፤ በሌላው ላይ ግን አልቆመም። እንጀራ በወሰድሁለት ቁጥር የክርስትና አባቱ ከመካከል ሆነው፣ «ሰላም ዋልሽ?» ይሉኛል። አልመለስሁም። ለሰላምታ አለመመለስ ኃጢአት እንደ ሆነ አውቃለሁ፤ ለነፍስ አባቴም ተናዝዣለሁ።

ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ ልጄ አንገቱ ላይ ያንጠለጠላትን የሩጫ ሰዓት አወጣ። ጫን አደረጋት።

«አሁን ተነሡ» አለ፤ ለማንም አልነበረም።

አጠገቡ የተቀመጠው ጎልማሳ፣ «እነማን?» አለው።

«ልጆቼ።»

መጀመሪያ ተሳለቁ። ቆይተው ግን አንዱ ተጠጋ፤ ሌላውም ተጠጋ። «አሁንስ የት ደረሱ?» ይሉታል። «ገና ከከተማው እየወጡ ነው። አሁን ሁሉም ይፈጥናል፤ የኔዎቹ ከኋላ ናቸው» ይላል። «ለምን ከኋላ?» «እኔ ስላልኋቸው።» እንዲህ እያለ ሰዓቷን እያየ፣ አቀበቱን አስወጣቸው፣ ድልድዩን አሻገራቸው። በመጨረሻ አርባ ወንድ ከብቦት ትንፋሹን ውጦ ነበር። ጭቃ ሹሙ ራሳቸው ከድንጋያቸው ተነሥተው መጡ።

«ማን ቀደመ?» አሉት።

«አላውቅም» አለና ሰዓቷን አቆማት። «እዚያ አልነበርሁም።»

ማንም አልሳቀም። ለእኔ ግን ያ ዝምታ ከሳቁ ይልቅ አንገበገበኝ። ሥራውን አሁን ገባቸው። ገብቷቸውም ከመስኩ አላስወጡትም። ተረት እንደ ሰሙ ሁሉ ወደየቦታቸው ተመልሰው ተቀመጡ።

እሑድ ከቅዳሴ ስወጣ አንድ እስላም ነጋዴ፣ መካነ ኢየሱስ ጨውና አቡጀዲ የሚሸጥ፣ ከአርብ ገበያ ሲመለስ በቅሎዋን እንዳያት ተናገረ። ከሸጣት ገበሬ ግቢ ቆማ ገለባ ትበላለች። ማንም አልሰረቃትም፤ ገመዷን በጥሳ ወደ ተወለደችበት ተመልሳለች። በቅሎ እንዲህ ታደርጋለች። ይህን የማያውቅ አንድ ወንድ በዚያ መስክ አልነበረም። አንዳቸውም አላሰቡትም፤ የሚሮጥ ሰው ነበራቸውና።

ነጋዴውን እግዜር ይስጥልኝ አልሁት። አራት ቀን ሙሉ ለልጄ እውነት የተናገረ እሱ ብቻ ነው።

ልጄን ለቀቁት። የዚያኑ ዕለት ገና ጀምበር ሳትጠልቅ የክርስትና አባቱ ሁለት ሽማግሎችና ቄሱን ይዘው፣ ድንጋይ ተሸክመው ደጄ መጡ። ልጄ ሊያነሣቸው ተንደረደረ። ያዝሁት።

«ይቅር በይን» አሉ ቄሱ። «ነገ ነነዌ ይገባል። ቂም ይዘሽ አትጹሚ።»

«ይቅር ብያለሁ» አልሁ። «ድንጋዩን ያውርዱ። ግን ነገ ከልጄ ጋር ኮሌጁ ድረስ ይሂዱና ለአለቃው በአፍዎ ይንገሩት። ሌባ ነው ብለን የያዝነው በሐሰት ነው ይበሉት።»

«እኔ? አስኳላ ቤት?»

«አንቱ።»

«በዚህ ዕድሜዬ፣ በአውቶቡስ?»

«ልጄ በዚህ ዕድሜው መስክ ላይ አራት ቀን ተቀምጧል።»

አንዱ ሽማግሌ፣ «ወይዘሮ፣ ይህ በይቅርታ ሥርዓት የለም» አለኝ።

«በወፍ ቃል ልጅ መያዝ አለና ይህም ይኑር» አልሁት። ቄሱም፣ «ትክክል ነች፤ ይሄዳሉ» አሉ።

የኋላውን አስቀድሜ ልናገር። ውድድሩን ኮሌጁ አሸንፏል፤ ያ «አቀበት ላይ አትሰስት» የተባለው ነው የቀደመው። ልጆቹ ግን አሠልጣኛችን በሌብነት ተይዟል ብለው እውነቱን ተናግረዋልና ዲሬክተሩ ቦታውን የሚሰጥ ደብዳቤ ለፈረንጁ ጽፎለት ነበር። የክርስትና አባቱ ኩታቸውን አደግድገው ቢሮው ቆመው ሲመሰክሩለት ደብዳቤውን አልቀደደውም። ልጄን የፈረንጁ ረዳት አደረገው። ሁለት ዓመት በረዳትነት ሠራ፤ ከፈረንጁም ተማረ። ፈረንጁ አገሩ ሲገባ ቦታው ለልጄ ሆነ፤ ጠጉሩ እስኪሸብት በዚያው አሠለጠነ። እግዚአብሔር ይመስገን። ምስጋናዬ እውነት ነው። ለነዚያ ሁለት ዓመታት ግን ዛሬም ቁጡ ነኝ።

ሰኞ ጠዋት፣ የነነዌ የመጀመሪያው ቀን፣ ጸሎቴን አድርሼ የክርስትና አባቱ ደጅ ሄድሁ። ሆዴን ቆረጠኝ አሉ። ደጃቸው ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። ሲወጡ ከፊት አስቀደምኋቸው። መካነ ኢየሱስ ደርሰን አውቶቡስ ላይ ከልጄ አጠገብ፣ በመስኮቱ በኩል አስቀመጥኋቸው። እኔ በሩ ጋ ተቀመጥሁ፤ ደብረ ታቦር እስክንደርስ አልተነሣሁም።